ቅርንፉድ የተሰካበት ቅቤ

ለእናቴ ከምልካቸው አጫጭር መልእክቶች በቀር እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያኔም ድርሰት ጻፉ ስንባል ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች የምትጽፍልኝ። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ቢወላገድብኝ ታገሡኝ። ለመጻፍ የተነሣሁት ይህ ታሪክ ሻርጃና አጅማን ባለነው ሐበሾች ዘንድ ተዛብቶ ስለሚወራ ነው። ገነት የምትባል ሴት የታመመች ጓደኛዋን በበረኪና ልትገድል ነበር ይባላል። ገነት ብቻዋን አልነበረችም። ነገሩ የጀመረው ከእኔ አፍ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በኤጀንሲ መጥቼ ሻርጃ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ጠፍቼ ወጣሁና በሰዓት የሚከፈል ጽዳት እሠራ ጀመር። የመኖሪያ ፈቃዴ ቀኑ አልፎበታል። የምኖረው ዱባይና ሻርጃ በሚዋሰኑበት አል ናህዳ ሰፈር፣ በሻርጃው በኩል፣ የአንድ ረጅም ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በቤድ ስፔስ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች አሉ፤ እያንዳንዷ ለአንድ አልጋ ትከፍላለች። ዓለምን ሁሉ ቤት የዘጋው የሳንባ በሽታ ሲገባ ብዙዎቹ ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት ገብተው አራት ቀርተን ነበር።

ክፍሉን የተከራየችው ገነት ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው፣ የቤቱን ሕግ የምታወጣውም እሷ ነበረች። ራሄል ጴንጤ ናት። ቡር ዱባይ የሚያመልኩበት የኪራይ አዳራሽ ሲዘጋ መዝሙሯን ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። እታለም እያልን የምንጠራት ሙሉነሽ ከሁላችንም ትበልጣለች። የወሎ ሰው ናት፣ በዚህ አገር አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች። ከአሠሪዬ ቤት ወጥቼ የማድርበት ባጣሁ ጊዜ ወደዚህ ክፍል ያመጣችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት በእሷ አልጋ ላይ ተዛዝለን ነው ያደርነው።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ታክሲ ውስጥ የምወርድበት እያለፈ ዝም ብዬ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ገነት “ስመኝ የተናገረች ቀን ሻርጃ ላይ በረዶ ይጥላል” ትለኝ ነበር። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን አጅማን ማዳም ናዋል ቤት እሠራ ነበር። ሱዳናዊት ናት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይንስ አስተማሪ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ በኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ምድጃ እየፈተግሁ ሳለ፣ “ስመኝ፣ ነይ እጅሽን አውሺኝ” አለችኝ። ካሜራው የሚያሳየው እጅ ብቻ እንደሆነ ባትነግረኝ ኖሮ እግሬ አይንቀሳቀስም ነበር።

ከፍሪጅ አንድ ትልቅ ቁራሽ ቅቤ አስወጣችኝና፣ የቫይረሱ የስብ ሽፋን ይህ ነው ብላ አድቦልቡዪው አለችኝ። መሀሉን ከፍቼ ቀይ የስፌት ክር አስገባሁ። ክሩ የቫይረሱ የተጻፈ ትእዛዝ ነው አለች፤ እኔን አብዙኝ የሚል ትእዛዝ። ክሩ እንዳይተበተብና እንዳይበጠስ በትናንሽ ዶቃዎች ላይ አስጠቀለለችኝ። ዶቃዎቹ ኤን የሚባለው ፕሮቲን ናቸው። ከዚያ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቶች ቅቤው ውስጥ አስገባሁ። እነዚያ ኤም ናቸው፣ ቅርጹን የሚይዙት፣ እንደ ቤት ማገር። ጥቂት የጥቁር አዝሙድ ፍሬ በተንኩ። እነዚያ ኢ ናቸው፤ ትንሽና ጥቂት ናቸው፣ ግን ያለ እነሱ አዲስ የተወለዱት ቫይረሶች በደንብ ተገጣጥመው መውጣት ያቅታቸዋል። መጨረሻ ላይ ቅቤውን ዙሪያውን ቅርንፉድ ሰካሁበት።

“ይህ ስፓይክ ነው” አለች ለተማሪዎቹ። “ቁልፍ ነው። የሳንባችን ሕዋስ በላዩ ላይ ለራሱ ሥራ ያበጀው የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ ይህ ደግሞ ገጥሞት ይከፍታል።” ሌሎችም ፕሮቲኖች አሉ አለች፤ በቅቤው ላይ የማይታዩ። እነሱ የሚሠሩት ክሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከተነበበ በኋላ ነው። አንዱ ክሩን ያባዛል፣ አንዱ የተያያዘውን ይቆርጣል፣ አንዱ የሰውነትን ጩኸት ያፍናል።

ከዚያ ሙቅ የሳሙና ውኃ አምጪ አለችኝ። ቀስ አድርጌ አፈሰስኩበት። ቅቤው ለሰለሰ፣ ቅርንፉዱ አንድ በአንድ እየተነቀለ ሳህኑ ላይ ወደቀ፣ ክሩ ተዘረገፈ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ለእጄ ያጨበጨቡ መሰለኝ።

አንዲት ተማሪ ታዲያ ሳሙናውን ለምን አንጠጣውም ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ ሳቁ። ማዳም ናዋል ግን አልሳቀችም። የመለሰችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። “ሳሙናና በረኪና የማን ስብ፣ የማን ፕሮቲን እንደሆነ አይጠይቁም። ሳንባችሁም የተሠራው ከዚሁ ነው። ለእጅና ለወለል እንጂ ወደ ውስጥ የለም። ውስጥ ያለውን የሚዋጋው ራሱ ሰውነታችሁ ነው።”

ይህን ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይህን አስታውሱልኝ፤ ሰምቼ ነበር።

በሳምንቱ መንገድ ተዘጋ፣ እኔም ወደ አጅማን መሄድ አቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ እታለም ሙሉነሽ ተኛች። ትኩሳትና ደረቅ ሳል ነበር። አልጋዋን በአንሶላ ጋረድነው። ራሄል ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብላ ነበር። ገነት የመለሰችላት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፤ “ሐኪም ቤት የሚወስደንን መኪና እናውቃለን። ከዚያ የሚወስደንን ነው የማናውቀው።” ከአራታችን ሦስታችን ወረቀት የለንም፤ ክፍሉም ለዚህ ያህል ሰው አልተፈቀደም። እታለም ራሷም አንሶላው ውስጥ ሆና አትደውሉ አለች። ደሴ ያሉ ሁለት ልጆቿን በላቧ ታስተምራለች። ይለቀኛል አለች።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ሦስታችን አልጋችን ላይ ተቀምጠን የእታለምን ሳል እናዳምጣለን። ገነት ስልኳን ወረወረችና፣ “ግን ይሄ ነገር ራሱ ምንድነው? አይታይ፣ አይጨበጥ” አለች። ማንንም አልጠየቀችም። እኔ ግን መለስኩ።

ለምን እንደመለስኩ አላውቅም። ምናልባት ጭብጨባው ነው። ስለ ክሩ፣ ስለ ዶቃው፣ ስለ ማገሩ ነገርኳቸው። ቁልፉን ነገርኳቸው። ቅቤው እንዴት እንደለሰለሰ፣ ቅርንፉዱ እንዴት እንደረገፈ በእጄ አሳየኋቸው። ራሄል አፏን ከፍታ ታየኛለች። ገነት ስታቋርጠኝ እንኳ እንደ ወትሮው ለመቀለድ አልነበረም።

“ቆይ፣ ስብ ነው ነው የምትይኝ?”

“ሽፋኑ ስብ ነው።”

“ቁልፎቹም ስቡ ላይ ነው የተሰኩት? ስቡ ከቀለጠ ቁልፍ የለም?”

“የለም።”

ገነት ከአልጋዋ ወረደች። “እንግዲያስ ሰው መጣበት። ስንት ዓመት የዓረብ ምድጃ ስንፈትግ የኖርን ሰዎች፣ ለአንድ የማይታይ ቅባት እንሸነፍ?” አለችና ሳቀች። ራሄልም ሳቀች። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ከዚያ ገነት እያሰበች መናገር ጀመረች። ሳሙና መጠጣት አይቻልም። በረኪና ግን ይተናል፣ ትነቱ ሳንባ ድረስ ይገባል። በሙቅ ውኃ አድርገን እናስታጥናት አለች።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። የማዳም ናዋል ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ገነት ግን ወደ እኔ ዞራ፣ “አየሽ፣ አንቺ ልጅ ጭንቅላት አለሽ እኮ፤ ስንት ዓመት ደብቀሽን” አለችኝ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አሁን እኮ አይሆንም ብል የተናገርኩት ሁሉ የሚፈርስብኝ መሰለኝ። አፌን ዘጋሁ። “ያላ፣ ውኃ ጣጂ” ስትለኝ ተነሥቼ ጣድኩ። ባልዲውን ወደ መታጠቢያ ቤት የተሸከምኩትም እኔ ነኝ።

የእኛ መታጠቢያ ቤት መስኮት የለውም፣ አየር ማውጫውም ተበላሽቷል። እታለምን ደግፈን ፕላስቲክ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ገነት በረኪናውን ሙቁ ውኃ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ከመታጠቢያው ሥር የሰድር ማጽጃውን አሲድ አወጣች። “ግትር ቆሻሻ በበረኪና ብቻ ይለቃል? ትንሽ ጠብ እናድርግበት” አለች።

በሌላ ሙያ ያለ ሰው ይህን አያደርገውም። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ቀን የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለቱን ቀላቅለን፣ ዓይናችን አልቅሶ፣ እያሳልን ሮጠን ወጥተናል። ሰድሩ ግን ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ማዳምም ደስ ይላታል። ስለዚህ ጽዳት ሠራተኛ መሀል ሲያስልሽ ነው የሚሠራው ይባላል። መርዝ መሆኑን የነገረን የለም፤ የእኛ ሳል የሹግሉ፣ የሥራው፣ ምልክት ነበር።

ራሷ ላይ ፎጣ ጣልንና በሩን ዘጋን። ገነት የስልኳን ሰዓት ተመልክታ አሥር ደቂቃ አለች።

እታለም ወዲያው ማሳል ጀመረች። ገነት በሩን ተደግፋ፣ “ይውጣ፣ ይውጣ፣ እየወጣ ነው” ትላለች። ራሄል ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጄን እየጨመቅሁ ነው። ሳሉ መጀመሪያ ከሆድ የሚወጣ ነበር። ቀስ በቀስ አጠረ። እንደ ቡችላ ጩኸት ቀጠነ። በበሩ ሥር የሚወጣው ሽታ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ አንድ ጊዜ በሩ ተንኳኳ። አንድ ጊዜ ብቻ።

“ክፈቺው” አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

“አራት ደቂቃ ቀርቷታል፣ ትቻለው” አለች ገነት፣ እጀታውን ይዛ።

“ክፈቺው።” አሁንም ሹክሹክታ ነበር። የበርጩማው እግር ሰድሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ከዚያ ሳሉ ቆመ።

ገነት፣ “አያችሁ፣ ተሻላት” አለች።

ያን ጊዜ የጮኽኩት ጩኸት የእኔ አይመስለኝም። ገነትን በትከሻዬ ገፍቼ በሩን ከፈትኩ። ዓይኔ ወዲያው ጠፋ። በዳሰሳ ብብቷ ሥር ገብቼ እየጎተትኩ ወደ በረንዳው አወጣኋት። ራሄል እግሯን ያዘችልኝ። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኗል። ትተነፍሳለች፤ ግን ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ጆንያ ፉጨት አለው።

ማዳም ናዋል ጋ ደወልኩ። ምን እንዳደረግን ስነግራት፣ አሁን ትተነፍሳለች ወይ አለችኝ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ እያለች ነገረችኝ፤ አየር ላይ ተቀምጣ ትቆይ፣ አታስተኟት፣ ፊቷንና ዓይኗን በብዙ ውኃ አጥቢ፣ ልብሷን አውልቂ፣ ይህን ስልክ አሁን ዝጊና አምቡላንስ ጥሪ። ቀላቅለናቸው እንደነበር እንዳልደብቅም አስጠነቀቀችኝ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳወርድ ገነት ክንዴን ይዛለች።

“ስመኝ፣ እህቴ፣ ስሚኝ። ከደወልሽ ኸላስ፣ አለቀልን። አንቺም ወረቀት የለሽም። ትንሽ አየር ታግኝ፣ ይመለስላታል።”

“በረኪና የማን ፕሮቲን እንደሆነ አይጠይቅም” አልኳት። “ሳንባዋም የተሠራው ከዚያው ነው። አስተማሪዋ ተናግራለች።”

“መቼ ነው የተናገረችው? አሁን?”

“ያን ቀን። ከቅቤው ጋር።”

ክንዴን ለቀቀችኝ። “ታውቂ ነበር?” አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ደወልኩ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የክፍሉን ቁጥር ተናገርኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ አልሰማሁም ስትለኝ ጮክ ብዬ ደገምኩ። በዚያ መሀል ገነት ሻንጣዋን አልጋው ላይ ዘርግታ ልብስ ትጠቀጥቃለች። ራሄልን ነይ አለቻት። ራሄል አንዴ እኔን አንዴ በሩን አየች፣ እያለቀሰችም ተከትላት ወጣች። አልፈረድኩባቸውም። እግሬ ቢታዘዝልኝ እኔም የምወጣ ይመስለኝ ነበር።

ብቻችንን ቀረን። እታለምን ደረቴ ላይ አስደግፌ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ታች መንገዱ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ከዱባይ ሲገባ መኪና የሚጨናነቅበት መንገድ እንደ ታጠበ ሳህን ተዘርግቷል። በየመሀሉ ትንፋሿ ይቀራል፤ እኔም የእኔን ይዤ እጠብቃለሁ። ሲመለስ ሁለታችንም እንተነፍሳለን። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም።

በሩ ሲከፈት የአምቡላንስ ሰዎች መስለውኝ ነበር። ገነት ናት። ፊቷን በእርጥብ ሻሽ ጠቅልላለች፣ ሻንጣዋ የለም። “ራሄል ሊፍቱን ይዛላቸዋለች፤ መጥተዋል” አለች። ከዚያ ተንበርክካ የእታለምን እግር ማሸት ጀመረች።

ሰዎቹ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰዋል። ኦክስጅን አደረጉላት። አንደኛው ምን እንደተነፈሰች ጠየቀ። ሁለቱንም ጠርሙስ አምጥቼ አሳየሁት። “ይህን ያዘዘ ማነው?” አለ። ገነት ወለል ወለሉን ታያለች። “እኔ ነኝ” አልኩ። ሰውዬው በመነጽሩ ውስጥ ለአፍታ አየኝና ጻፈ። እታለምን ይዘዋት ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝመውም። ሦስታችንንም መርምረው እኔና ራሄል ስለተገኘብን ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩን። ስለ መኖሪያ ፈቃዴ የጠየቀኝ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ግን ፍርሃታችን ከንቱ ነበር አልልም፤ ሌላው ጋ ሌላ ሆኖ ይሆናል። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው። ማዳም ናዋል በየቀኑ ሐኪም ቤቱ እየደወለች ትነግረኝ ነበር። ለዘጠኝ ቀን ዛሬም ያው ነች አለችኝ። በአሥረኛው፣ ያለ ኦክስጅን ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች አለችኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው አገር የሰው ቤት የምታጸዱ፣ ሁለቱን ጠርሙስ አትቀላቅሉ። ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ቀላሉም እሱ ነው። የሚከብደው ሌላው ነው። እኔ ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው። ማንንም አልጎዳም፣ ማንንም አላስቀይምም እል ነበር። ያን ዓርብ ግን ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ዋጥኩ፤ የዋጥኩት ግማሽ የሰው ነፍስ የያዘው ነበር። ባላውቅ ኖሮ ባላዋቂነቴ ተጽናንቼ እኖር ነበር። ገነት አላወቀችም፤ ያደረገችው ለማዳን ነው። ስለዚህ ታሪኩን በእሷ ላይ የምታወሩ ተዉአት። አሁንም አብረን ነው የምንኖረው። ስለዚያ ቀን አንነጋገርም። ግን ስናገር ዝም ብላ ታዳምጠኛለች፤ አፌን ከፍቼ ከዘጋሁ ደግሞ፣ “እስኪ የቀረውን አምጪው” ትለኛለች።

አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ግን ይወጣል።

እታለም ሙሉነሽ ድና ወጣች፤ ደረጃ ግን እንደ ድሮዋ መውጣት አልቻለችም። ሳንባዋ ለጽዳት ሥራ አይሆንም ብለዋታል። አውሮፕላን መብረር ሲጀምር ወደ ልጆቿ ለመመለስ ወሰነች። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። በታክሲው መስኮት ከማረፊያው አጠገብ ያሉት የአል ጋርሁድ ሆቴሎች ሲያልፉ እያየሁ፣ ለሁለት ወር የተለማመድኩትን ነገርኳት። እኔ ነኝ ያስጀመርኩት፣ በረኪናው እንደሚጎዳሽም አውቅ ነበር፣ ሰምቼ ዝም አልኩ አልኳት። ፊቴን ወደ እሷ ማዞር አልቻልኩም። እስክንደርስ እጄን ይዛ ሄደች።

መንገደኛ ያልሆነ አይገባም ተብሎ በሩ ላይ ተለያየን። ጋሪዋን ሁለት እርምጃ ገፋችና ቆመች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኋት።

“አፍሽን ከፍተሽ መልሰሽ ስትዘጊው በአንሶላው ቀዳዳ አይቼሽ ነበር” አለችኝ። “ይቺ ልጅ የቀራት ነገር አለ ብዬ ልጠይቅሽ ስል ሳሉ አላስጨረሰኝም። ስመኝዬ፣ ሁለተኛ እስክትጠየቂ አትጠብቂ።”